ያልተገራ ጊታርና ሽለላ

«ዘ ኤክስ» እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 በሆላንድ አገር የተመሠረተ፣ የሮክን ልማድ እየጣሰ አዲስ መንገድ የሚፈትን ባንድ ነው። በ2009 «30» ብሎ ያሳተመው የስብስብ አልበም የሠላሳ ዓመት ልፋቱን ባንድነት ያቀርባል።

የስብስብ አልበም ብዙውን ጊዜ የተወደደን ዘፈን መልሶ መሸጫ ነው። «30» ግን አንድ አቋም እንዴት ጸንቶ እንደኖረ ያሳያል። ጊታሩ ዜማ ለማጣፈጥ አይደረደርም፤ እንደ ከበሮ ይመታል፣ ይፋጫል። ከ1984 ጀምሮ የባንዱ ከበሮ መቺ የሆነችው ካተሪና ቦርንፌልድም ምቱን እያመላለሰች እንደ ሶምሶማ ግልቢያ ታስኬደዋለች። እርግጥ ነው፣ ባንድ ጊዜ ለሚያዳምጠው ጩኸቱ ይከብዳል፤ የእንግሊዝኛው ግጥም ቁጣም ቋንቋውን ለማያውቅ በከፊል ይጠፋል።

ሽለላን በሳክስፎን ያስደመጡት፣ በ2016 ያረፉት ጌታቸው መኩሪያ፣ በ2006 «ሞአ አንበሳ»ን ከዚህ ባንድ ጋር የሠሩበት ምክንያት «30»ን ላዳመጠ ሰው ግልጽ ነው። ሽለላ የሚያባብለው አጃቢ አይሻም፤ የሚገጥመው እንጂ።

ቁም ነገሩ በሮቤና በጎባ ላለነው የኪነት ሰዎችም ይደርሳል። የባሌ ደጋ ጌራርሳ የጀግና ቃል ነው። ለመድረክ ሲቀርብ በኪቦርድ ተለሳልሶ፣ ፉከራው ተቆርጦ ለጭብጨባ ብቻ ከተመቸ፣ ስሙ ቀርቶ ነፍሱ ወጥቷል ማለት ነው። የሆላንዶቹ ባንድ የሌላውን ዜማ ሳይገራ ማጀብ እንደሚቻል አስመስክሯል። ባለቤቶቹስ ስለምን እንገራዋለን?