ጸጥታ

መምህር የነበረ ሰው ሥራውን ቢለቅም አንዳንድ ቃል እሱን አይለቀውም። እኔን ያልለቀቀኝ “ጸጥታ!” የሚለው ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበርኩባቸው ዓመታት፣ ክፍሉ ሲንጫጫ ጠረጴዛውን በዳስተር ጀርባ ደብደብ አድርጌ “ጸጥታ!” እል ነበር። ጸጥ ይላል። እኔም ማስተማር የጀመርኩ ይመስለኝ ነበር። ዘግይቶ ነው የገባኝ፤ ዝም ያለ ተማሪ ወይ እየሰማ ነው፣ ወይ ፈርቷል፣ ወይ ተኝቷል። ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን ሦስቱም አንድ ይመስላሉ።

ይህን የመምህር ትዝታ ያነሣሁት ወድጄ አይደለም። እስቲ ልብ በሉ፣ በየወረዳው ሕዝቡን ከአደጋ ይጠብቃል የምንለው መሥሪያ ቤት ስሙ “የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት” ነው። ጸጥታ እንግዲህ ድምፅ ማጣት ነው። ድሮም ገዥ ሲመሰገን “አገሩን ጸጥ ለጥ አድርጎ ገዛ” ነበር የሚባለው፤ የተገዛው ሕዝብ ጸጥ ያለው ጠግቦ ይሁን ፈርቶ የሚጠይቅ አልነበረም። ከዚህ ቃል ሸሽተን “ደህንነት” እንበል ብንል፣ እሱም ተይዟል። በተራ ጨዋታ “ሰውየው ደህንነት ነው” ሲባል፣ ጋዜጣ ዘርግቶ የማያነብ ሰው ነው ፊታችን ድቅን የሚለው። “ጥበቃ”ም በር ላይ ቆሞ መታወቂያ የሚጠይቀው ነው። እሳት የሚያጠፋልንን ሰውማ ጭራሽ በጠላቱ ስም ነው የምንጠራው፤ “እሳት አደጋ ጥሩልኝ!” እንላለን። ለቋንቋችን እንግዳ የሆነ ሰው ቢሰማ፣ ቤቱ እየተቃጠለ ሁለተኛ እሳት የሚለምን ጉድ አየሁ ባለ።

“ቃል ነው፣ ምን አለበት?” ይለኝ ይሆናል አንባቢ። ቃል መሥሪያ ቤት አይሠራም፣ ልክ ነው። ግን መሥሪያ ቤቱ ሥራዬን ጨረስኩ የሚለው መቼ እንደ ሆነ ይናገራል። ስሙ ጸጥታ የሆነ መሥሪያ ቤት ድምፅ ሲጠፋ ሥራው ያለቀለት ይመስለዋል። የዚህ ነገር ዋጋው በደንብ የታየኝ ሸዋ ሮቢት ላይ ነው።

ወደ ደሴ የተጓዘ ሁሉ ከተማዋን ያውቃታል። ደብረ ብርሃንን በብርድ አልፎ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረውን የጣርማ በርን ዋሻ ጥሶ፣ ደብረ ሲና ወርዶ፣ ሹራቡን በሚያወልቅበት ሰዓት ሸዋ ሮቢት ይገባል። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመንገዱ ዳርና ዳር ቀይ ሽንኩርት፣ ማንጎ፣ ፓፓያ ያያል፤ ማሾና ማሽላ የሚበቅልበት ለም ቆላ ነው። ታዲያ አዲስ አበባ ተመለሱና “ሸዋ ሮቢት ነበርኩ” በሉ። “በስንት ዓመትህ ወጣህ?” ነው መልሱ። ሽንኩርቷን በየቀኑ እየበላን የምናስታውስላት እስር ቤቷን ነው።

አንድ ጊዜ በዚያው በኩል ሳልፍ የቀድሞ ተማሪዬን ልጠይቀው ፈለግሁ። በይፋት ቆላ መምህር ሆኗል። ለባጃጅ ሹፌሩ የትምህርት ቤቱን ስም ነገርኩት። “ከማረሚያ ቤቱ ወዲህ ነው ወዲያ፣ ጋሼ?” አለኝ። አላወቅሁም። “ከማረሚያ ቤቱ ካልተነሣንማ እንዴት እናገኘዋለን?” አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን አላሳቀኝም። ትምህርት ቤትን ከእስር ቤት ተነሥቶ የሚፈልግ ትውልድ ነው ያፈራነው።

ነገሩ ትናንት የመጣም አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ አልጋዬን ይመኛሉ ተብለው የሚፈሩ ወንድ ዘመዶቹ በሰንሰለት ታስረው የሚኖሩት እዚሁ ይፋት፣ ጎንቾ በተባለው ቦታ ነበር። የእስር ቤቱ ጠባቂ የይፋት ገዥ ወላስማ መሐመድ ነበር። በዚያ ዘመን ሸዋ ድረስ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ፣ የእነዚያን መሳፍንት መፈታት በመጽሐፉ ተርኮታል። ደጋው የቆላውን እህልና ፍሬ እያወጣ የሚፈራውን ሰው ወደ ቆላ ማውረድ የለመደው እንግዲህ ከዚያ ጀምሮ ነው።

በእኛ ዘመን “ወህኒ ቤት” የሚለው ስም ተቀይሮ “ማረሚያ ቤት” ሆነ። ማረም የመምህር ሥራ ነበር፤ የፈተና ወረቀት ያርማል፣ ፊደል ያርማል። ቃሉን ከትምህርት ቤት ተውሰን ለእስር ቤት ሰጠነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት፣ ከአዲስ አበባ ታፍሰው በመኪና ከተጫኑት ወጣቶች ገሚሱ ዴዴሳ፣ ገሚሱ ዝዋይ፣ ገሚሱ ሸዋ ሮቢት ወረደ። ብዙዎቹ ደብተር መያዝ የሚገባቸው ልጆች ነበሩ። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ዳር ያለው የቂሊንጦ እስር ቤት ሲቃጠል፣ መንግሥት ራሱ ባመነው ቁጥር 23 ሰዎች ሞቱ። ከተረፉት ብዙዎቹ ወደ ሸዋ ሮቢት ተወሰዱ፤ በቃጠሎው የተከሰሱትም እዚያ ድብደባና ሥቃይ እንደ ደረሰባቸው ለፍርድ ቤት ተናገሩ። እሳት ሲነሣ መጀመሪያ የሚታሰበው ማን ይውጣ ሳይሆን ማን እንዳያመልጥ ከሆነ፣ ጸጥታ የሚለው ቃል ምን እንደ ሠራን ያኔ ይገባናል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ መቆለፍ ጸጥታውን ራሱን አመጣው? ይፋትን ጠይቁ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ አጣዬና አካባቢዋ ታመሱ። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ተደገመ። በሚያዝያ አጣዬ ተቃጠለች፣ ሽብሩም ሸዋ ሮቢት ደረሰ። በመጋቢቱ ግጭት ብቻ በሰሜን ሸዋና በአጎራባቹ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ከ300 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የነገረን የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ ሰው የሚጠብቅ ጠፍቶ እንባ የሚጠብቅ ቀረልን። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገባ፤ ከተማዋም በሕወሓት ተዋጊዎች እጅ ቆይታ ተመለሰች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ መካከል ውጊያው ተቀሰቀሰ። በ2017 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከትምህርት ገበታ ውጪ የሆኑ ልጆች ቁጥር ከ4 ሚሊዮን በላይ ደርሷል ተባለ። አራት ሚሊዮን!

ያ ተማሪዬ በአንደኛው ክፉ ሰሞን ደወለልኝ። “መምህር፣ ያን ጊዜ ‘ጸጥታ!’ ይሉን ነበር አይደል?” አለኝ። “አዎ” አልኩት። “አሁን ቢመጡ ደስ ይልዎት ነበር። ግቢው ጸጥ ብሏል። የወፍ ድምፅ ሳይቀር ይሰማል። እኔ ግን ተኩሱን ለምጄው ጸጥታውን ነው የፈራሁት።” ምን ብዬ ልመልስለት? መግለጫው እንደሆነ ሁሌም አንድ ነው፤ “አካባቢው ወደ ቀድሞ ሰላሙ ተመልሷል” ይላል። ተኩስ መቆሙን እንጂ ደወል መደወሉን የሚናገር መግለጫ ሰምቼ አላውቅም።

ደግሞስ ልጅን የሚወስደው ጥይት ብቻ ነው እንዴ? ከጣርማ በር ቁልቁል የወረደ ባለ ተሳቢ መኪና ፍሬኑ ግሎ ከተሞቹን መሃል ለመሃል ሲሰነጥቅ፣ ዳርና ዳሩ ልጅ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ይሻገራል። ክረምት ላይ ቆላው ፀሐይ እንደ ሆነ ደጋው ዘንቦ ወንዙ ድንገት ይሞላል። ወባው አለ፣ እባቡ አለ። አዲስ አበባ እሳት ሲነሣ 939 ይደወላል። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ቀይ መስቀላችን ለአምቡላንስ 907 የሚል ቁጥር አለው። የይፋት መምህርስ ለማን ይደውል? ያ ተማሪዬ አንዲት ልጅ ክፍል ውስጥ ራሷን ስታ ስትወድቅ በባጃጅ ጭኖ ጤና ጣቢያ ያደረሳት ራሱ ነው። የባጃጁንም የከፈለው ከኪሱ ነው። አምቡላንሱም፣ ፖሊሱም፣ እሳት አደጋውም አንድ መምህር ነው ማለት ነው፤ እሱም ደመወዙ ለወሩ የማይበቃው።

በር መቆለፍን ደህንነት ማድረግ የኛ ብቻ በሽታ አይደለም። በ1993 ዓ.ም. በጎረቤታችን ኬንያ፣ ክያንጉሊ በተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት በሌሊት እሳት ተነሥቶ 67 ወንዶች ልጆች አለቁ። የመኝታ ቤቱ በሮች ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ተቆልፎ ነበር። መስኮቶቹ ብረት ነበራቸው። እሳቱን የለኮሰው ማንም ይሁን ማን፣ ልጆቹን መውጫ ያሳጣቸው ቁልፉና ብረቱ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ትምህርት ቤት በገባሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ ሁለተኛው በር ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ወይ የለም፣ ወይ አሮጌ ወንበር ተቆልሎበታል።

“መጀመሪያ ጸጥታ ይከበር፣ ከዚያ ትምህርት” የሚሉ አሉ። ቀላል ክርክር አይደለም። ተኩስ እየተሰማ ልጁን የሚልክ ወላጅ የለም፤ እኔም አልልክም። ግን ቅደም ተከተሉ አይዋጥልኝም። በ2011 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባ የአጣዬ ልጅ በ2017 ሰባተኛ ክፍል መድረስ ነበረበት። “ጸጥታው እስኪከበር ጠብቅ” ስንለው ስንት ዓመቱ ሄደ? በአማርኛ “ጠበቀ” ዘበኛም የሚሠራው ነው፣ ተራ የያዘ ሰውም የሚሠራው ነው። የኛ ልጅ የደረሰው ሁለተኛው ነው። ትምህርት ቤት ዕድሜ ይጠይቃል፣ ካርድ ይጠይቃል፣ መመዝገቢያ ቀን አለው። ጠብመንጃ ይህን ሁሉ አይጠይቅም፤ ቤቱ ተቀምጦ የሚጠብቀውን ልጅ ራሱ መጥቶ ይወስደዋል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ጸጥታ ሲመጣ የሚከፈት ሱቅ አይደለም። እሱ ራሱ የጥበቃ ሥራ ነው።

“ደሃ ነን፣ ለየከተማው የእሳት አደጋ መኪና ከየት ይመጣል?” የሚልም አይጠፋም። እሺ፣ መኪናው ይቆይ። ሁለተኛ በር መክፈት ግን መኪና አይደለም። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ አስፋልቱ ዳር ፊሽካ ይዞ ልጆችን የሚያሻግር አንድ ሰው መኪና አይደለም። ወንዙ ሲሞላ ከደጋ ወደ ቆላ የሚደወል አንድ ስልክ መኪና አይደለም። ከፊደል ገበታው ጎን የጤና ጣቢያውንና የአምቡላንሱን ቁጥር መጻፍም ጠመኔ ነው የሚፈልገው። ገንዘብ የጎደለባቸው አይደሉም፤ የማን ሥራ እንደ ሆኑ ስላልተወሰነ ነው። ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ “የጸጥታ ጉዳይ ነው” ይላል፣ ጸጥታው “የትምህርት ጉዳይ ነው” ይላል። ልጁ በመሃል ብቻውን ይሻገራል። ሁሉም የሚነሣው አደጋው ካለፈ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄው ነው።

እኔ ሹም ብሆን (አልሆንም፣ አትፍሩ) ከየወረዳው የጸጥታ ጽሕፈት ቤት የምጠይቀው ሪፖርት አጭር ይሆናል። በወሩ ውስጥ ስንት ቀን ትምህርት ተካሄደ? አንድ ልጅ አደጋ ደረሰበት ተብሎ ከተጠራ፣ ሰው የደረሰው በስንት ደቂቃ ነው? በቃ። ስንት ሰው ተያዘ፣ ስንት መሣሪያ ተገኘ የሚለውን ሌላ ገጽ ላይ ይጻፉት።

እዚያው ይፋት፣ ሰንበቴ፣ እሑድ እሑድ የሚውል ገበያ አለ። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ ከደጋም ከቆላም ወርዶና ወጥቶ ይገናኝበታል። በደህናው ጊዜ ያየው ሰው ያውቀዋል፤ ግመሉ ያጉረመርማል፣ ሻጩ ይጣራል፣ ገዢው ይከራከራል፣ ሽማግሌው ያስታርቃል። ጆሮ አይሰማም። ሰላም እንዲህ ነው የሚጮኸው። ገበያው ጸጥ ያለ ዕለት ነው ሰው እቃውን ሰብስቦ የሚሮጠው።

ተማሪዬ የሚያስተምርበት ግቢ ውስጥ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ የመኪና ቸርኬ አለ፤ ደወላቸው ነው። በብረት ሲመቱት ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል። በሄድኩ ዕለት ለዕረፍት ሲደወል ልጆቹ እየጮኹ፣ እየተገፋፉ ከየክፍሉ ፈነዱ። ከልማዴ የተነሣ “ጸጥታ!” ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት። ይንጫጩ።