ለአሮጌ ፒካፕ ሰዓት ስለ መትከል

ከመኪና ዳሽቦርድ መሣሪያዎች መካከል ዕረፍት የሌለው ሰዓት ብቻ ነው። የፍጥነቱ፣ የነዳጁና የሙቀቱ መለኪያዎች ቁልፉ ሲዘጋ አብረው ሲያርፉ፣ እርሱ ግን ባለቤቱ በተኛበት፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት፣ መኪናው ከግቢ በቆመበት ጊዜ ሁሉ ከባትሪው ጥቂት ኃይል እየተቀበለ መዓልትና ሌሊት ይቈጥራል። በመኪና ኤሌክትሪክ ሙያ በኖርሁበት ዘመን የአንድን ሠራተኛ እጅ ለመመርመር ስሻ አስቀድሜ የተከለውን ሰዓት የማየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላው መሣሪያ ማያያዣው ቢላላበትም አንድ ጊዜ እየሠራ አንድ ጊዜ እየቆመ ጉድለቱን ለብዙ ዘመን ሊሰውር ይችላል፤ ሰዓት ግን ኃይሉ ለቅጽበት ቢቋረጥበት የቈጠረውን ሁሉ ጥሎ እንደ ገና ከመጀመሪያው ስለሚነሣ፣ በስውር የተሠራውን ክፉ ሥራ በማግሥቱ ጠዋት ይገልጠዋል።

እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹና ከ1990ዎቹ ዘመን የቀሩት የቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፖች አብዛኞቹ ለሥራ ተብለው የተገዙ፣ ጌጡና ምቾቱ የተቀነሰላቸው ስለ ሆኑ፣ ሰዓት የሌላቸው ብዙ ናቸው። ነገር ግን ፋብሪካው ለባለጸጋውም ለሠራተኛውም መኪና ዳሽቦርዱን ያወጣው ከአንድ ቅርጽ በመሆኑ፣ የሰዓቱ ስፍራ በዝቅተኛው ሞዴል ላይ እንኳ ተቀርጾ፣ በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኖ ይገኛል፤ ክዳኑም በጥንቃቄ ሲነሣ በብዙዎቹ ላይ ከሽቦዎቹ እስር ጋር የተጠመጠመ፣ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ የሰው እጅ ያልነካው የሰዓት ሶኬት ይታያል። ይህን ባየሁ ቍጥር ልቤ ሐሤት ያደርጋል፤ ያን ሶኬት ያዘጋጀው ሰው ማን እንደ ሆነ ባላውቅም፣ የጀመረውን አሳብ ሳልለውጥ መፈጸም ግዴታዬ እንደ ሆነ ይሰማኛል። ስለዚህ ትንሽ የገበያ ሰዓት በሙጫ ዳሽቦርድ ላይ ለጥፎ፣ የሬዲዮውን ሽቦ ቈርጦ በናስትሮ ጠምጥሞ የሚያስረክበውን አሠራር እኔ ሥራ ብዬ አልጠራውም፤ ናስትሮው በፀሐይ ሙቀት ሲላላ ሽቦው ተራቁቶ ከብረት ይገናኛልና፣ ያን ጊዜ የሚቃጠለው ሰዓቱ ብቻ አይደለም።

የፋብሪካው ሰዓት በተለመደው አሠራር በአራት ሽቦ ያድራል። አንዱ ቁልፉ ቢከፈትም ቢዘጋም የማይቋረጠው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው፤ ቍጥሩን የሚጠብቀው እርሱ ሲሆን በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ዶም ተብሎ ከሚጠራው፣ የጣሪያውን መብራት ከሚመግበው ፊውዝ ይመጣል። ሌላው ቁልፉ ሲዞር ብቻ ኃይል አግኝቶ ማሳያውን ያበራል፤ ሦስተኛው የውጭ መብራት ሲበራ የነጂው ዓይን እንዳይታወክ ማሳያውን ያደበዝዛል፤ የቀረው ወደ መኪናው አካል የሚሄደው ኔጋቲቭ ነው። ቈጣሪውና ማሳያው በሁለት ሽቦ ተለይተው መመገባቸው በከንቱ አይደለም። የዚያ ዘመን ሰዓቶች ያን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ብርሃን የሚሰጡት፣ አየር ከወጣለት የመስታወት ዕቃ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ግሎ ኤሌክትሮኖችን ሲለቅ፣ እነዚያም ፎስፈር በተቀባው አኃዝ ላይ ሲያርፉ ነው፤ ለዚህም የሚወጣው ኃይል ለቈጠራው ከሚበቃው እጅግ ስለሚበልጥ፣ ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ላይ አስሮ ከባትሪው የሚያገናኝ ሰው ማሳያውን ሌሊቱን ሙሉ እያበራ የቆመውን መኪና ባትሪ ያደክማል፤ ሁለቱንም ከቁልፉ መስመር የሚያገናኝ ደግሞ ሞተር በጠፋ ቍጥር የሚሞት ሰዓት ይተክላል። ሁለቱም ስሕተቶች በቴስተር ጥቂት በመታገሥ የሚወገዱ ናቸው። ሶኬቱ ከነጭራሹ ከሌለ፣ ከፊውዝ ሳጥኑ የራሱ ትንሽ ፊውዝ ያለው ሽቦ መሳብ እንጂ የሌላውን መሣሪያ ሽቦ መድፈር አይገባም።

ሰዓቱን በሶማሌ ተራ ከፈረሱ መኪኖች ዕቃ መካከል መፈለግ ይቻላል፤ እንደ አይሱዙ ኤን ፒ አር በ24 ቮልት ከሚሠራ የጭነት መኪና የወጣው ግን ለ12 ቮልቱ ፒካፕ አይሆንም። ደግሞም ጨለመ ተብሎ የተጣለ ሰዓት ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም። በውስጡ ያሉት ሬዚስተሮች ለዓመታት ሲግሉና ሲቀዘቅዙ፣ እግራቸውን ከሰሌዳው ጋር የያዘው ሊድ ለዓይን በሚያስቸግር ቀጭን ስንጥቅ ይለያያል፤ በአጉሊ መነጽር አይቶ ያን ሊድ በካውያ ማደስ ብዙዎቹን ያነሣቸዋል፤ በሙያዬ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ የሰጠኝ ጥቂት ነው።

ተከላው ከዚህ በኋላ አጭር ነው፤ የባትሪውን ኔጋቲቭ መፍታት፣ ሶኬቱን መግጠም፣ ሰዓቱን እስኪቈልፍ ድረስ በስፍራው መግፋት፣ ኔጋቲቩን መልሶ ማሰር። ሰዓቱን ለመሙላት ለሰዓቱ አንድ፣ ለደቂቃው አንድ ቁልፍ ሲኖር፣ ሁለት ዜሮ የተጻፈበት ሦስተኛው፣ ሬዲዮ ሰዓት በሚያበሥርበት ቅጽበት ቢጫን፣ ከ30 ደቂቃ በታች ያለውን ወዳለፈው ሙሉ ሰዓት፣ 30 የሞላውን ወደሚቀጥለው ያደርሰዋል። ቈጠራው በ12 የሚያበቃ ስለ ሆነ፣ ፈረንጆች ጠዋት 7 በሚሉበት ጊዜ 1 ላይ ማድረግ ብቻ ይበቃል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ጸሎተ ሠለስቱን፣ ጸሎተ ቀትሩንና ጸሎተ ተሰዓቱን የምታደርስበት 3፣ 6 እና 9 ሰዓት ያለ ምንም ለውጥ በማሳያው ላይ ይወጣል። ልኩን የሚጠብቀው ኳርትዝ ነው፤ በብዙ የመኪና ሰዓቶች ውስጥ በአንድ ሰከንድ 4,194,304 ጊዜ ይርገበገባል፤ ይህም ቍጥር 22 ጊዜ በግማሽ ሲከፈል አንድ ይሆናል።

የወጣውን የፕላስቲክ ክዳን አትጣሉት፤ ሰዓቱ ለጥገና በሚወጣበት ቀን ያስፈልጋልና በዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አስቀምጡት። ሰዓት ለሚተክልላችሁም ሰው ዋጋውን ከመክፈላችሁ በፊት የትኛውን ሽቦ እንደ ቈረጠ ጠይቁት፤ መልሱ «አንዱንም አልቈረጥሁም» ካልሆነ ሥራው አላለቀም።