ስለ «ፀሐይ» አውሮፕላን አጠባበቅ

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። አንኮበር በወጣሁ ቁጥር ከምኒልክ ቤተ መንግሥት የተረፈውን ግንብ አይቼ አዝናለሁ፤ የንጉሡ ስም ሲነገር ድንጋዩን የጠረበው ግንበኛ ተረስቷልና። «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ወደ አገሯ ስትመለስም ይኸው ሐዘን ተሰማኝ።

ይህችን አውሮፕላን በአዲስ አበባ የሠሯት ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበርና ኢትዮጵያውያን ረዳቶቹ ናቸው። ስሟ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ስም ነው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ወደ አገሩ ወሰዳት፤ ኋላም በአየር ኃይሉ ሙዚየም አኖራት። የመለሳት በጥር 2016 ዓ.ም. ነው።

መመለሷ ደስ ያሰኛል፤ ጭብጨባችንን ግን እነቅፋለሁ። የልዕልቲቱንና የጀርመናዊውን ስም እናነሣለን፤ መዶሻ የጨበጡትን ኢትዮጵያውያን ግን ማን ጠየቀ? ዕቃን መጠበቅ ከጣራ በታች ማስቀመጥ ብቻ አይደለም፤ የሠሪውን ስምና ጥበቡንም መጠበቅ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በፊቷ ስትቆም ፎቶግራፍ አንሥተህ ብቻ አትመለስ። ማን ሠራት፣ እንዴትስ ሠራት ብለህ ጠይቅ። ከግድግዳ የተሰቀለ የአባት ጋሻ ልጅን ጀግና አያደርገውምና።