«ሞላ» የሚባለው ጉድጓድ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ፣ ከጀሞ እስከ ለቡ፣ ክረምት ሲገባ ስልኬ አያርፍም፤ «ሴፍቲ ታንከሩ ሞላ!» ሴፕቲክ ታንክ ለማለት ነው። ማረሙን ከተውኩት ቆይቻለሁ።

ጤነኛ ታንክ ግን ሁልጊዜም ሙሉ ነው። ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ዝቃጩ ከታች ይተኛል፣ መሃሉ ላይ የጠለለው ውሃ ብቻ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ያልፋል።

ባለፈው ክረምት ላፍቶ አንዲት እናት ጠሩኝ። በአንድ ወር ሁለቴ መጣጭ መኪና አስመጥተዋል። «ልጄ፣ ይሄ ጉድጓድ ጨረሰኝ» አሉኝ። ነጭ ጨርቅ የጠቀለልኩበትን ረጅም እንጨት እስከ ወለሉ ሰድጄ፣ ትንሽ ቆይቼ ቀስ ብዬ ሳወጣው ጥቁር ጭቃ የለበሰው አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። የሚመጠጠው ዝቃጩ የጥልቀቱን ሲሶ ሲይዝ ነው። ውሃው ግን ከመውጫው ቱቦ በላይ ቆሟል። በዚህ መሃል ዝናቡ መጣ፤ ውሃው ዓይኔ እያየ ከፍ አለ።

«እማማ፣ የአሸንዳው ውሃ የት ነው የሚገባው?»

«እዚያው ነዋ! ግቢው እንዳይጨቀይ ግንበኞቹ ቀጠሉልኝ።»

የሰፈራችን አፈር መረሬ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣና የሰጡትን ሁሉ ይጠጣል፤ ክረምት ሲያብጥ ጠብታ አያሰርግም። ማስረጊያ የሚቆፈረው ደግሞ በበጋ ነው፤ አንድ ባልዲ ደፍተው «ይጠጣል» ይላሉ። እኔ ጉድጓዱን ውሃ ሞልቼ አሳድረዋለሁ፤ የምለካው በማግስቱ እንደገና ሞልቼ ነው። በዚያ ላይ ክረምት አሟጦ ማስመጠጥ አልወድም፤ ያበጠ አፈር ባዶ ግድግዳ ይገፋል።

ይበልጥ የሚያስፈራኝ «አሥር ዓመት አልሞላም» የሚል ባለቤት ነው። ውሃው ከመውጫው በታች ከወረደ ታንኩ ተሰንጥቋል፣ ወይም ሲሠራም በድንጋይ ብቻ ተክቦ ልስን አላየም። ያ እንደ ጉዳቱ ጠጋኝ ወይም አዲስ ታንክ ይፈልጋል፤ የፍሳሽ መስመር በደጁ ካለፈ ደግሞ መቀጠል ይሻላል። ማንም ግን ልይ ብሎ አይግባ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሲበረታ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ብሎ የወረደ አይወጣም።

የእማማን አሸንዳ ቆርጬ ወደ ቦዩ አዞርኩት። ቡና ተፈልቶልኝ ቁጭ እንዳልኩ ልጅቷ የፊተኛውን ጀበና አተላ ማጠቢያው ውስጥ ገልብጣ ውሃ ለቀቀችበት። በረካው እስኪደርስ ዝም አልኩ።