ምልክትና ፈቺው

ሰው በዓይን የማይታየውን ለማሰብ ሲፈልግ በዓይን የሚታየውን ይይዛል። ዳሩ ግን ምልክት ብቻውን ሲቆም ዲዳ ነው፤ የሚናገረው በባለቤቱ አፍ ነውና። ይህን ሳይመረምሩ፥ ይህ ዛፍ ይህ ማለት ነው፥ ያ በትር ያ ማለት ነው እያሉ የሚዘረዝሩ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ የራሳቸውን አሳብ እንጂ የባለቤቱን እምነት አይነግሩም።

ለዚህ የሰሜን አውሮፓ ሕዝብ ታሪክ ምስክር ነው። ቫይኪንግ የተባሉት የዴንማርክ፥ የኖርዌይና የስዊድን ሰዎች ክርስትናን ከመቀበላቸው በፊት የነጐድጓድ አምላክ የሚሉትን የቶርን መዶሻ ምስል በአንገታቸው ያንጠለጥሉ ነበር፤ ዓለማትን ሁሉ የሚያያይዝ ይግድራሲል የሚባል ታላቅ ዛፍ አለ ብለውም ያምኑ ነበር። በጎትላንድ ደሴት የድንጋይ ሥዕሎች ላይ ደግሞ እርስ በርሳቸው የተቈላለፉ ሦስት ባለሦስት ማዕዘን ቅርጾች ይታያሉ። የዚህን ምልክት ፍቺ የሚናገር የጥንት ጽሑፍ የለም፤ ዛሬ የሚጠራበት ስም እንኳ በኋላ ዘመን የወጣለት ነው። ስለ አማልክታቸው ዝነኛውን መጽሐፍ የጻፈው የአይስላንዱ ስኖሪ ስቱርሉሶንም የኖረው አገሩ ክርስትናን ከተቀበለ 200 ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ እነዚያ ምልክቶች ከሚነገረው ብዙው ግምት ነው፤ ፈቺው ሞቶ ምልክቱ ብቻ ቀርቷልና።

በኢሉባቦር ግን ነገሩ ከዚህ ይለያል። ከመቱ እስከ ጎሬ፥ ከሁሩሙ እስከ ያዮ ባለው አገር የቀድሞው የኦሮሞ እምነት ምልክቶች ከነፈቺዎቻቸው ይገኛሉ። ከነዚህም አንዱ ኦዳ የሚባለው የሾላ ዛፍ ነው። ኦዳ ዶጊ በዚያ አገር ከታወቁት የገዳ ሸንጎዎች አንዱ ነበር። ከሩቅ የተመለከተ ሰው፥ ለዛፍ ይሰግዳሉ ብሎ ይፈርዳል። ቀርቦ የሰማ ግን በጥላው ሥር ሕግ ሲታወጅ፥ ጠበኛ ሲታረቅ፥ ሽማግሌ ሲመርቅ ያገኛል፤ በምርቃቱም የሚጠራው ስም የዛፉ ሳይሆን የዋቃ ነው። ዲቦራ ከዘንባባ በታች ተቀምጣ በእስራኤል ትፈርድ እንደ ነበር በመጽሐፈ መሳፍንት ያነበበ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም። በዛፍ ላይ ቅቤ መቀባትና በሥሩ ማረድ መኖሩንም መካድ አይገባም፤ ካህናት የነቀፉትም ይህንኑ ነው። ነገር ግን ነቀፋው ከአድራጎቱ አልፎ ዕርቁንና ሸንጎውን ሁሉ በአንድነት ጣዖት ብሎ ሲጠራ ከፍርድ ሚዛን ይወጣል።

ሁለተኛው ሲንቄ ነው። ይህ በትር በሠርጓ ቀን ለሙሽራዪቱ የሚሰጣት ነው። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በጠበኞች መካከል ሲቆሙ ወንድ ሁሉ መሣሪያውን ዝቅ ሊያደርግ ይገባዋል። በትሩ መምቻ አይደለም፤ ኀይሉ ሁሉ ባለመምታቱ ነው። ሦስተኛው በእሬቻ ቀን ክረምቱ ሲያልፍ በወንዝና በሐይቅ ዳር የሚያዘው እርጥብ ሣር ነው፤ የምስጋና ምልክት ነው። በቀዳም ሥዑር ከካህን እጅ ቄጠማ ተቀብሎ በራሱ ላይ የሚያስር ምእመን፥ ቄጠማውንም ርግብ ለኖኅ ካመጣችው ለምለም ቅጠል ጋር የሚያስተባብር ሰው፥ ለምለም ነገር ሰላምንና ምሕረትን እንደሚናገር ከማንም ይልቅ ያውቃል።

አራተኛው ከሁሉ ይልቅ ለስሕተት የተጋለጠው ነው። ሽማግሌዎች ሲጸልዩ ዋቃ ጉራቻ ይላሉ፤ ትርጕሙ ጥቁር ዋቃ ማለት ነው። ጥቁርን ከክፉ ጋር ማያያዝ የለመደ ጆሮ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ዋቃ ግን የሰማይም ስም ነው፤ ጥቁረቱም የሰማይ ጥልቀት፥ ዓይን ዘልቆ የማይደርስበት ምስጢር ነው። ዝናብ በሚበዛበት በኢሉባቦር የጠቈረ ሰማይ ተስፋ እንጂ ቍጣ እንዳልሆነ ገበሬ ሁሉ ይመሰክራል።

ስለ ምዕራብ ኦሮሞ እምነት ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል ሆላንዳዊው የካቶሊክ ካህን ላምበርት ባርቴልስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1983 ያሳተመው የሚመሰገን ነው። ደራሲው የሥራውን ዓላማ ለመረዳት የተደረገ ሙከራ ብሎ በትሕትና ሰይሞታል፤ ሽማግሌዎችንም አስቀድሞ ያናግራል፥ ራሱ ኋላ ይናገራል። ጕድለቱ ምስክሮቹ በብዛት የወለጋ ሰዎች መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ የመቱ ወይም የጎሬ አንባቢ በአገሩ ሽማግሌ ሳያስመሰክር ሁሉን እንደ ራሱ አድርጎ ሊቀበለው አይገባም።

ከዚህ መጽሐፍ አስቀድሞ ግን ከሁሉ የሚበልጠውን ፍቺ የፈታው የሁሩሙ አገር ልጅ ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። በልጅነቱ ሒካ ይባል ነበር፤ ይህም ቃል እንደ አማርኛው ፈታ፥ ቋጠሮ መፍታትንም ነገር መተርጐምንም ይናገራል። ሕፃን ሳለ ለባርነት ተሸጦ በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጣ፤ በስዊድንም ተማረ። ከአገሩ ርቆ ስላደገ የቋንቋውን ሀብት በማከማቸት አስቴር ጋኖ ረዳችው፤ እርስዋም እንደ እርሱ ከባርነት የዳነች፥ ተረትና ዘፈን የሰበሰበች ናት። መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ተርጕሞ በ1899 በግእዝ ፊደል ሲያሳትም ለእግዚአብሔር ስም ከውጭ ቃል አልተበደረም፤ ሽማግሌዎች በኦዳ ሥር ይጠሩት የነበረውን ዋቃዮ የሚለውን ስም አኖረ። ያስተማሩት ስዊድናውያንም ቢሆኑ ዛሬ እግዚአብሔርን የሚጠሩበት ቃል፥ አባቶቻቸው ክርስቲያን ሳይሆኑ በፊት ስለ አማልክታቸው ይናገሩበት የነበረ ቃል ነው። መዶሻው ወደቀ፥ ቃሉ ግን ተጠመቀ።

የኦኔሲሞስ ሥራ የሚያስተምረው ይህን ነው፤ ምልክትን ከመጣልም ከማንሣትም በፊት ባለቤቱን መጠየቅ ይገባል። የገዳ ሥርዓት በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ ተጽፏል፤ ኦዳም በሰንደቅ ዓላማና በልብስ ላይ ይሣላል። ይህ ክብር መልካም ነው፤ ነገር ግን ሥዕሉ በዝቶ ምርቃቱ ከተረሳ ኦዳም እንደ ጎትላንድ ድንጋይ ዲዳ ይሆናል። በሁሩሙና በያዮ፥ በመቱና በጎሬ የሚያገለግል ካህንም ሆነ ሰባኪ ብዕርና ወረቀት አያጣም። ሽማግሌዎቹም ገና ከደጁ አሉ፤ ቢጠይቃቸው ይመልሱለታል።