ተራ የማይጠበቅበት መክፈቻ

በአበሻ ሰንጠረዥ መክፈቻ ላይ ተራ የለም። ሁለቱ ተጫዋቾች ጠጠሮቻቸውን ደርድረው እንደተፋጠጡ እኩል ይነሣሉ፤ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ያሻውን ጠጠር ያሻውን ያህል ጊዜ ያንቀሳቅሳል። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። የሚያበቃው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። የተበላው መደቅ፣ ማለትም ታናሹ ወታደር፣ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ጨዋታው እንደ ሌላው ቼዝ ተራ በተራ ይሆናል።

ሕጉን አዲስ ለሰማ ሰው እጀ ፈጣኑ የሚያሸንፍ ይመስለዋል። አይደለም። በወረራ ጊዜ የሄዱበትን መመለስ ይፈቀዳል። ባላጋራዬ ፈረሱን በአንድ ወገን ሲያወጣ ካየሁ፣ እኔም ያወጣሁትን መልሼ ሌላ አሰልፋለሁ፤ እሱ ደግሞ የእኔን አይቶ የራሱን ያፈርሳል። ስለዚህ የጎበዝ ተጫዋች ዓይን ከራሱ ጠጠር ይልቅ የባላጋራው እጅ ላይ ያርፋል። ከሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ ግን ማብቂያው ነው። ወረራው መቼ እንደሚዘጋ የሚወስን ዳኛ የለም፤ ቀድሞ የበላ ዘጋው ማለት ነው። የበላ ሰው አንድ ጠጠር ያገኛል፣ ግን ሰልፉን እንዳሻው የማበጀት ነፃነቱን በዚያው ይሰጣል። ያልተሰናዳውን ቀድሞ መምታት ይሻላል ወይስ የራስን ሰልፍ ማጠናቀቅ? ሕጉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነገራል፤ የሚያስከትለው ጭንቀት ግን እስከ መጨረሻው ይዘልቃል።

ቼዝ ከህንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ አገር በኩል ነው የተዛመተው። የእኛው ወረራ ግን ዘመቻን በዓይኑ ያየ ሰው እጅ ያረፈበት ይመስለኛል። ክተት ታውጆ ጦሩ ሲሰበሰብ «አሁን የአንተ ተራ ነው» የሚል የለም።

ሰሌዳውም ቢሆን ነጭና ጥቁር አልነበረም፤ ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር ተሠምሮበት ስልሳ አራቱ ቤቶች ይለያሉ። ፈርዝ በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል በሰያፍ ዘሎ ሁለተኛዋ ቤት ላይ ያርፋል። መደቅ ሁልጊዜ አንድ አንድ እርምጃ ነው። ጉልበት ያላቸው ደር (በዛሬው ቼዝ ግንብ የሚባለው) እና ፈረስ ናቸው፤ በእነዚህ ማሸነፍም ይቀላል። የጨዋታው ሁለተኛ ጥበብ እዚህ ላይ ነው፦ ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ የያዘ አሸነፈ ይባላል እንጂ አይደነቅም። በፊል ወይም በፈርዝ የያዘ ይመሰገናል። መደቆቹን አስተባብሮ የያዘ ግን ስሙ ይነሣል። በዚያ ላይ ሠራዊቱ ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም። የበላይነት ያለው ተጫዋች እየበላ ሲሄድ ባላጋራውን ባዶ እንዳያስቀረው መጠንቀቅ አለበት። ለአሸናፊው ልጓም የሚያበጅ ሕግ ነው።

እንግሊዛዊው መንገደኛ ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 ትግራይ ውስጥ የአገሩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቷል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ትልልቅና ከባድ ነበሩ፤ የሚበላውን ጠጠር በኃይል መትተው ነበር የሚያነሡት። ዙሪያውን የከበበው ሰው፣ ባሪያው ሳይቀር፣ ይጮኻል፣ ይመክራል፣ ጠጠር አንሥቶ «እንዲህ ነው እንጂ» ብሎ ያሳያል። ጨዋታው ግን ምንጊዜም በራስ ወልደ ሥላሴ አሸናፊነት እንዲያልቅ ይደረግ ነበር። ተመልካቹ ሁሉ መኳንንትና አማካሪ ሆኖ የሚገባበት ጨዋታ ነበር ማለት ነው።

ደብረ ታቦር የራስ ዓሊ መቀመጫ በነበረችበት ዘመን የመጣው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ደግሞ አጨዋወቱን ዘርዝሮ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1849 ከራስ ዓሊ ጋር ውል የተፈራረመው እሱ ነው። ጽሑፉ ታትሞ ሳያየው በ1860 በጎንደር አካባቢ በሽፍታ ቆስሎ ሞተ፤ መጽሐፉን ወንድሙ በ1868 አሳተመው። መሪ የተባለው የቼዝ ታሪክ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1913 በመጽሐፉ ያስገባው የእኛ ሰንጠረዥ ከእነዚህ መንገደኞች የተለቀመ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ሰፊ ጽሑፍ ባያወጣለት ኖሮ ብዙው ጠፍቶ ይቀር ነበር፤ ጨዋታው ራሱ በጣልያን ወረራ ዘመን ከአደባባይ ጠፍቶ ነበርና።

ወረራ የፈታውን ችግር ሌሎች በሌላ መንገድ ነው የፈቱት። ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1824 የጦር ጨዋታ ሲያሳትም፣ ሁለት ሠራዊት በአንድ ጊዜ እንዲንቀሳቀስ ለማድረግ ዳኛ፣ የጽሑፍ ትእዛዝና ዛራ አስፈልጎታል። በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን ያወጡት «ደንጆንስ ኤንድ ድራገንስ»፣ ተጫዋቹ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚጫወትበት የዛሬው የጠረጴዛ ጨዋታ አባት፣ የዚሁ የጦር ጨዋታ ዘር ነው። የእኛው ሰንጠረዥ ግን ያንኑ የእኩል እንቅስቃሴ ያለ ዳኛና ያለ ዛራ፣ በወረራ ብቻ ፈጽሞታል። በንድፍ ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ቁጠባ አላውቅም።

የሚቀረው ሥራ የእኛ ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የባህል መምህራን፣ በአዲስ አበባ ጨዋታ የምትሠሩ ወጣቶች፦ ቀይ ጨርቁን፣ ሠላሳ ሁለቱን ጠጠርና የአንድ ገጽ የአማርኛ ሕግ በካርቶን አሽጋችሁ ለገበያ አውጡት። በደብረ ታቦር ዙሪያ በጋይንትና በእስቴ ሽማግሌዎች ዘንድ አጨዋወቱን ከአባቶቹ የሰማ ካለም፣ ሄዳችሁ ጠይቁትና ጻፉት።