ራይስዳል ያሳደገው ኮረብታ

የ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ መልክዓ ምድር ሥዕል ሲወደስ ቀድሞ የሚነሣው ሠዓሊዎቹ ያዩትን እንዳለ ማስፈራቸው ነው። ውዳሴው ሠዓሊዎቹን ያሳንሳል እንጂ አያከብራቸውም። ያኮብ ፋን ራይስዳል በ1650ዎቹ መጀመሪያ ድንበር ተሻግሮ በጀርመን የሚገኘውን የቤንትሃይም ግንብ አይቶ ነበር። ግንቡ የቆመው ያን ያህል ከፍ ባላለ ኮረብታ ላይ ነው። በ1653 በተሣለውና ዛሬ ደብሊን በሚገኘው ሸራ ላይ ግን ጥቅጥቅ ባለ ደን የተሸፈነ ተራራ ጫፍ ይዟል። ተመልካቹ ይህን የሚቀበለው፣ ከሥሩ ያሉት ዛፎች ዓይነታቸው እስኪለይ ድረስ በጥንቃቄ ስለተሣሉ ነው። ዝርዝሩን ያመነ ሰው ተራራውንም ያምናል።

«የአይሁድ መካነ መቃብር» በተባለው ሥራውም ያደረገው ይህንኑ ነው። መቃብሮቹ በአምስተርዳም አቅራቢያ አውደርኬርክ ያሉ እውነተኛ መቃብሮች ናቸው፤ ከኋላቸው የሚታየው የፈረሰ ሕንፃ ግን እዚያ የለም።

ሄግ በሚገኘው ማውሪትስሃውስ ሙዚየም የተሰቀለው የሃርለም ሥዕሉ ግን ረጋ ብሎ መታየት አለበት። ቁመቱ 55፣ ወርዱ 62 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚህ ላይ ሁለት ሦስተኛውን የወሰደው ሰማይ ነው። ከታች ሠራተኞች የተልባ እግር ጨርቅ ሣር ላይ ዘርግተው ፀሐይ ያስመቱታል፤ ሃርለም በዚህ ጨርቅ የማንጣት ሥራ የታወቀች ከተማ ነበረች። ሜዳው ዝርግ ስለሆነ ርቀትን የሚያሳይ ተራራም ሸለቆም የለም። ራይስዳል ችግሩን የፈታው በደመናው ነው። ደመናው በተሰነጠቀበት ብርሃን፣ በተዘጋበት ጥላ ምድሩ ላይ ይወርዳል፤ ዓይን ከብሩህ መስክ ወደ ጨለማው፣ ከዚያም እንደገና ወደ ብሩህ እየተሻገረ ከአድማሱ በላይ ብቅ እስካለው የቅዱስ ባቮ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። ነጩ ጨርቅ የት ማብራት እንዳለበት የወሰነው አየሩ ሳይሆን ሠዓሊው ነው።

ከእሱ በፊት የነበረው ያን ፋን ሆይየን ሌላ መንገድ ይዟል። ቡናማ፣ ግራጫና ትንሽ አረንጓዴ በቃኝ ብሎ ቀለሙን እጅግ አሳስቶ ይቀባ ስለነበር በአንዳንድ ሥራዎቹ የሣለበት ጣውላ መስመር በሰማዩ ውስጥ ይታያል። አሠራሩ ፈጣን ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ትእዛዝ ይልቅ በገበያ ለሚኖር ሠዓሊም ይስማማል። (ገበያው መልሶ በላው፤ በ1637 የቱሊፕ አበባ ዋጋ ሲወድቅ ኪሳራ መትቶት በ1656 ባለዕዳ ሆኖ ሞተ።) ነገር ግን ቁጠባውን በገበያ ብቻ የሚተረጉሙ ተመራማሪዎች አያሳምኑኝም። ርካሽ ሥዕል ሁሉ እርጥብ አየር አይሸትም።

የራይስዳል ተማሪ ማይንደርት ሆቤማ በ1668 በአምስተርዳም የወይን ጠጅ ለኪ ሹመት ካገኘ ወዲህ ብዙ አልሣለም። «የሚደልሃርኒስ ጎዳና» ግን በ1689 የተሣለ ነው። በለንደኑ ናሽናል ጋለሪ የሚታየው ይህ ሥዕል ራጅ ሲነሣ፣ ከፊት ለፊት በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ተጨማሪ ዛፎች ተሥለው እንደነበርና ሆቤማ ራሱ በቀለም እንደሸፈናቸው ታይቷል። ጎዳናው ያን ያህል ሰፊ ሰማይ ያገኘው በእነዚያ በተሰረዙት ዛፎች ነው፤ ሥዕሉንም ታላቅ ያደረገው ይህ ስረዛ ይመስለኛል።